መደርደሪያው የማን ነው?

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም የጸሐፊው ፍጥረት። አንደኛው ዕድሜውን በቤተ መጻሕፍት ሥራ ፈጅቶ ጡረታ የወጣ የመቐለ ሰው ነው። ሁለተኛዋ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ የምታስተምር ወጣት ረዳት መምህርት ስትሆን፣ ለሁለተኛ ዲግሪዋ በምታዘጋጀው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የወረቀት መጽሐፍ መግዛት ያቁሙ የሚል ሐሳብ ይዛ ተነሥታለች። ረቂቁን እንዲያነብላት ሰጥታው ነበር። የተገናኙት መቐለ ውስጥ ዓዲ ሓቂ፣ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ነው።

ወጣቷ፦ አነበቡልኝ መምህር?

አዛውንቱ፦ አንብቤዋለሁ ጓለይ፣ ልጄ። ስሌትሽ አያከራክርም። አንድ የሕክምና መጽሐፍ ጨረታ ወጥቶለት፣ ተገዝቶ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ ተጭኖ፣ ቁጥር ተለጥፎበት መደርደሪያ ላይ እስኪወጣ አዲሱ እትም ወጥቶ ያድራል ብለሻል። ልክ ነሽ። ርእሱን ሳየው ግን ሳቄ መጣ።

ወጣቷ፦ «ግድግዳ የሌለው ቤተ መጻሕፍት» ምኑ ያስቃል?

አዛውንቱ፦ ግድግዳ የሌለው ቤተ መጻሕፍትማ ነበረን። ጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ኢንተርኔቱ ጠፋ፤ ግድግዳ የሌለው ቤተ መጻሕፍትም አብሮ ተዘጋ። ግድግዳ ያለው ግን በመቐለ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ፣ እንዳየሱስ ላይ ቆሞ ነበር። ከሰኔ 2013 መጨረሻ በኋላ መብራቱም፣ ስልኩም፣ ባንኩም ተከተለ። የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ያለ ደሞዝ የከረመበት ጊዜ ነው፤ አንቺው ታውቂዋለሽ። የዩኒቨርሲቲው ዓይደር ሆስፒታል ያለ ሐኪም፣ በዓለም ላይ ያለውን የሕክምና መጽሔት ሁሉ የሚከፍት የይለፍ ቃል ቢኖረው ምን ይሠራለታል? የሚገልጠው የተማረበትን ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ ነው፤ እሱም ካለው።

ወጣቷ፦ እኔም የመጀመሪያ ዲግሪዬን ያቋረጥኩት በዚያ ጊዜ ነው፤ አልረሳሁትም። ግን መምህር፣ ለአንድ ክፉ ቀን ተብሎ የደጉ ቀን ሁሉ ይበላሽ? በጀቱ አንድ ነው። ለክፉ ቀን ካዋልነው፣ በደጉ ቀን ተማሪው የአሥራ አምስት ዓመት አሮጌ መጽሐፍ ያነባል።

አዛውንቱ፦ አንድ ክፉ ቀን አልሽ? እስቲ የዚህን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ጻፊ ቢሉሽ ከየት ትጀምሪያለሽ?

ወጣቷ፦ ከግንቦት 1992። የመቐለ ቢዝነስ ኮሌጅና የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ከሆኑበት።

አዛውንቱ፦ እሱ የጋብቻው ቀን ነው። ሙሽሮቹ ከየት መጡ? የደረቅ አካባቢ ግብርና ኮሌጁ የተጸነሰው አሥመራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። በደርግ መጨረሻ ጦርነቱ ሲከብድ፣ የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ከነተማሪው፣ ከነመምህሩ፣ ሊጓጓዝ ከሚችል ንብረቱ ጋር ተነቅሎ ባሌ፣ አጋርፋ ወረደ። ኮሌጁም አብሮ ወረደ። ወደ መቐለ መጥቶ በ42 ተማሪ ሥራ ሲጀምር በፈረንጆቹ 1993 ነው። ቢዝነስ ኮሌጁ ደግሞ ሥሩን የሚመዝዘው በትግሉ ዘመን በረሃ ከተከፈተ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ነው። እንግዲህ አንደኛው ወገን ተፈናቃይ፣ ሌላው በረኸኛ። ከእንዲህ ያለ ቤት የተወለደ ቤተ መጻሕፍት ክፉ ቀንን እንደ እንግዳ ደራሽ ሊቆጥረው አይገባም።

ወጣቷ፦ ታሪኩን እቀበላለሁ። ከታሪኩ የሚያወጡት ፍርድ ግን ገና አልገባኝም።

አዛውንቱ፦ ዋናው ግቢ ከተሠራበት ቦታ ላስረዳሽ። እንዳየሱስ ላይ ኢጣሊያኖች ምሽግ ሠርተው ነበር። በ1888 የኢትዮጵያ ሠራዊት ሲከባቸው መድፍ ነበራቸው፣ ጥይት ነበራቸው፣ ግንቡ ጠንካራ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ውሃውን አስያዙባቸው። ያን ሁሉ ምሽግ የፈታው ጥም ነው፤ ሻለቃ ጋሊያኖ ለቅቆ ወጣ። ለምን? ምንጩ ከግንቡ ውጭ ስለነበር። የአንቺ ቤተ መጻሕፍትም ምንጩ ከግንቡ ውጭ ነው።

ወጣቷ፦ ጥሩ ነገሩኝ። የእርስዎስ? ከግንቡ ውስጥ ያለው ምንጭ የሚጠጣ ውሃ አለው? የት እንደሆነ አልናገርም፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መደርደሪያ መደርደሪያውን ሳይ ዋልሁ። አንዱ ረድፍ ከዳር እስከ ዳር የአንድ የውጭ አገር የግብር ሕግ ማብራሪያ ነው፤ በልገሳ የመጣ። ጥራዙ ወፍራም፣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ። የኋላ ሽፋኑ ላይ የመመለሻ ቀን የሚመታበት ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ንጹሕ ነው፣ አንድ ማኅተም አላረፈበትም። ከእሱ ጥቂት ራቅ ብሎ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መጽሐፍ አለ። ጀርባው በፕላስተር ታሽጓል፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ተገንጥሎ በላስቲክ ታስሯል፤ ወረቀቱ ላይ ማኅተም በማኅተም ላይ ተመትቶ ቀኑ አይለይም። ያው አንድ ቅጂ ነው። ክፍሉ በሙሉ ይጠብቀዋል።

አዛውንቱ፦ ይህንንማ እኔ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ልገሳን እምቢ የማለት ወኔ አልነበረንም። ሣጥኑ ሲመጣ ፎቶ ይነሣል፣ ርክክብ ይፈረማል፣ የምስጋና ደብዳቤው ግልባጭ ፋይል ውስጥ ይገባል። መጽሐፉን ማን ያነበዋል የሚለው ጥያቄ ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ነው የሚመጣው። አንዴ ከገባ ደግሞ ማስወጣቱ መከራ ነው፤ የመንግሥት ንብረት ሆኗል፤ ለማስወገድ ኮሚቴ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ኦዲተር። ስለዚህ ማንም የማይነካው መጽሐፍ እንደ ሹም ተቀምጦ ይኖራል። በረቂቅሽ ውስጥ ስለ ልገሳ አንድ ምዕራፍ ጨምሪ። ለጋሹ አስቀድሞ ዝርዝር ይላክ፤ ቤተ መጻሕፍቱም «ይኼ አይሆነኝም» ማለት ይቻለው በይ።

ወጣቷ፦ እጨምራለሁ። ግን እንደዚያ ከሆነ ከእኔ ጋር ተስማምተዋል ማለት ነው። ተማሪው መደርደሪያውን ትቶታል። የሚያነበው ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ መጽሐፍ፣ መምህሩ የሰጠውን ሃንዳውት፣ ከኮፒ ቤት የገዛውን የፈተና ጥራዝ ነው። አንዱ ባች ለሚቀጥለው በፍላሽ ያወርሳል።

አዛውንቱ፦ መደርደሪያውን ትቶታል፤ አዳራሹን ግን አልተወም። ገና ሳይነጋ መጥቶ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ቦታ የሚይዘውን ረሳሽው? ፈተና ሲቃረብ ወንበር ለማግኘት የሚደረገውን ሽኩቻ? ዶርም ውስጥ አንዱ ዘፈን ይከፍታል፣ ሌላው እንግዳ ያመጣል፤ ቸካዩ የት ይሂድ? ብዙው የገበሬ ልጅ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ ጠረጴዛ፣ የራሱ አምፖል ያገኘው ላይብረሪ ውስጥ ነው። ይህን ግድግዳ የሌለው ቤተ መጻሕፍት አይሰጠውም። በጀት ስታወጪ መጀመሪያ ወንበርና መብራት ጻፊ፤ መጸዳጃ ቤትም እንዳትረሺ፤ ጀኔሬተሩንም።

ወጣቷ፦ ክሊራንሱንስ?

አዛውንቱ፦ (እየሳቀ) እሱማ ክብራችን ነበር። ተመራቂው ጋውን ለብሶ ፎቶ ቢነሣም፣ ያልመለሰው መጽሐፍ ካለ ፊርማ የለም፤ ፊርማ ከሌለ ዲግሪው አይወጣም። ዓመቱን ሙሉ ሰላምታ የነፈገን ተማሪ ሰኔ ላይ ደጃችን ቆሞ ያድራል።

ወጣቷ፦ እሺ፣ አዳራሹ ይቅር አላልኩም። መጽሐፉ ላይ እንመለስ። እንዲያው በዚያ በተዘጋንበት ጊዜ እኔን ያኖረኝ ምን እንደሆነ ልንገርዎ? ላፕቶፔ። ከመቋረጡ በፊት ያወረድኳቸው መጻሕፍት ነበሩበት። መብራት ብልጭ ባለች ቁጥር ቻርጅ አደርጋለሁ፤ የሰፈር ልጆች ፍላሽ ይዘው እየመጡ ይገለብጣሉ። ወረቀት አልነበረም መምህር፤ ዲጂታል ነበር። ኢንተርኔት ግን አልነበረም።

አዛውንቱ፦ ቆዪ፣ ቆዪ። አሁን የተናገርሽውን ረቂቅሽ ውስጥ አላገኘሁትም።

ወጣቷ፦ አልጻፍኩትም። የግል ታሪክ ነው ብዬ።

አዛውንቱ፦ የጽሑፍሽ እምብርት እኮ እሱ ነው! እኔ ወረቀት ወረቀት ስል፣ አንቺ ኢንተርኔት ኢንተርኔት ስትይ፣ ነገሩ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ፍላሽሽ ላይ ያለው የራስሽ ነበር። ማንም ገመድ ቆርጦ አይወስድብሽም። ዩኒቨርሲቲ በደንበኝነት ከፍሎ የሚያነበው መጽሔት ግን የተከራየ ቤት ነው፤ ኪራዩ ያለቀ ቀን ያለፈው ዓመት እትም እንኳ ብዙ ጊዜ አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ጥያቄው ወረቀት ወይስ ኮምፒውተር አይደለም። መደርደሪያው የማን ነው? የሚል ነው።

ወጣቷ፦ እንደ ሂናሪ ያለውስ? የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2002 ሲጀምረው ለድሃ አገሮች የሕክምና መጽሔቶችን በነጻ ከፈተ። በዓመቱ ለግብርናው አጎራ ተከተለ። ዓይደር ላይ የመመረቂያ ጥናት የሚሠራ ሰው ያለ እነሱ ምን ይሠራል? አንዱን መጽሔት ለመግዛት የሚጠየቀው ዋጋ እኮ የመምሪያውን በጀት ይጨርሳል።

አዛውንቱ፦ አልነቅፈውም፤ ብዙ ሰው ያዳነ ሥራ ነው። ግን ነጻ የሆነው በሌላ ሰው ፈቃድ ነው። የአገሪቱ ገቢ ከፍ ሲል ከዝርዝሩ ልትወጪ ትችያለሽ። ያውም ኢንተርኔት ካለ ነው። ይልቅስ ቲልን ታስታውሺዋለሽ?

ወጣቷ፦ የኮርኔሉን?

አዛውንቱ፦ እሱን። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የግብርና መጽሔቶችን በሲዲ ጠርዞ በሣጥን ለድሃ አገር ቤተ መጻሕፍት ያቀርብ ነበር፤ በፈረንጆቹ 1999 ነው የተጀመረው፤ ኋላ በሃርድ ዲስክ ሆነ። ሲዲውን ትከቺያለሽ፣ ታነቢያለሽ። ኢንተርኔት አይጠይቅሽም። ፈጣን መስመር ሲመጣ ሁሉም እንደ ጥንት ዕቃ አየው። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ከእኛ አኳኋን ጋር የሄደ ነገር ቢኖር እሱ ነበር። ዛሬ አንድ መካከለኛ ሰርቨር ያንን ሣጥን ብዙ እጥፍ አድርጎ ይይዛል። የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች እኮ ተበታትነው ነው ያሉት፤ እንዳየሱስ፣ ዓዲ ሓቂ፣ ዓይደር፣ ኲሓ። አንዱ ግቢ ያለው በሌላውም ይኑር፤ በሳምንት አንድ ቀን ይመሳሰሉ። መስመሩ ቢቆረጥ ግቢው በራሱ ያንብብ።

ወጣቷ፦ የቅጂ መብቱስ?

አዛውንቱ፦ አንድ ሺህ መጽሔት ተከራይተሽ አሥሩን ከምታነቢ፣ አሥሩን በቋሚነት ግዢ፤ ውል ስትፈርሚ «ቅጂው በእኛ ሰርቨር ይቀመጣል» የሚል አንቀጽ አስገቢ። የሚሰጡ አሳታሚዎች አሉ። በነጻ የተለቀቀውንም ዛሬ አውርደሽ አስቀምጪ፤ ነገ እዚያው ይጠብቀኛል አትበይ።

ወጣቷ፦ ይኼ ቢያንስ አንድ አንቀጽ ይሆነኛል። ግን አሁንም የሚገዛ ነገር ላይ ብቻ ነው ያለነው። ሌላ ቦታ የማይገኘውስ?

አዛውንቱ፦ እሱን እንድታነሺው ነበር የምጠብቀው። እኔ የሠለጠንሁት አዲስ አበባ ነው፤ በፈረንጆቹ 1990 በዩኔስኮና በካናዳው አይዲአርሲ ድጋፍ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተከፈተው የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት። ያኔ ሁለት ቤተ መጻሕፍት ጎን ለጎን አየሁ። ኬኔዲ ላይብረሪ አለ፤ በአሜሪካ እርዳታ የተሠራ፣ ሰፊ፣ የመማሪያ መጽሐፍ የሞላበት። ጥቂት እልፍ ስትዪ፣ ጃንሆይ በፈረንጆቹ 1961 ለዩኒቨርሲቲው በሰጡት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። በ1963፣ ያው በፈረንጆቹ፣ ሪቻርድ ፓንክረስትና ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ሲያቋቁሙት ከብራና እስከ በራሪ ወረቀት ሰበሰቡ። አሁን ልጠይቅሽ፤ ከዓለም ዳርቻ ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣው ወደ የትኛው ነው?

ወጣቷ፦ ወደ ተቋሙ።

አዛውንቱ፦ ኬኔዲ ያለው መጽሐፍ አብዛኛው ሎንዶንም አለ። ተቋሙ ያለው ግን ብዙው እዚያ ብቻ ነው። የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚመዘነው በዚህ ነው ባይ ነኝ፤ ሌላው የሌለው ነገር ምን አለው? በመጽሐፍ ብዛት ከፈረንጅ ጋር ስንፎካከር ብንውል አንደርስበትም። የትግራይን የዘር ዓይነት፣ የአፈር ጥበቃ፣ የውኃ ጉድጓድ፣ የሽምግልና ሕግ፣ የጦርነቱን ጊዜ ጤና የሚመለከት የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ከእኛ በቀር ማን ሊኖረው ይችላል?

ወጣቷ፦ እሱ ላይ ሆዴ የተቃጠለ ነው። ተማሪው ጥቁር ሽፋን ያለው ጥራዝ አሠርቶ፣ በወርቅ ቀለም ስሙን አስጽፎ ያስረክባል። አንዱ ለመምሪያው፣ አንዱ ለአማካሪው፣ አንዱ ለላይብረሪው። መምሪያው ቢሮ ሲቀይር የእሱ ይጠፋል፤ አማካሪው ሲሄድ የእሱ ይሄዳል። ሲዲውም አብሮ ይገባል፤ ዛሬ ሲዲ የሚያነብ ላፕቶፕ ፈልጌ አጣሁ። ይኼ የአንድ ቤት ችግር አይደለም፤ ባየሁት ሁሉ ያው ነው።

አዛውንቱ፦ የፈረንጆቹ መጽሔት ውስጥ የታተመው ጥናትም ቢሆን ከእኛው ማሳ ተለቅሞ ተመልሶ በኪራይ የሚሸጥልን አለ። መቐለ ዩኒቨርሲቲ «ሞሞና» ብሎ የራሱን የሳይንስ መጽሔት በፈረንጆቹ 2009 ሲጀምር ያስደሰተኝ ለዚህ ነበር። መጽሔት ማሳተም የቤተ መጻሕፍት ሥራ አካል ነው፤ ምንጩን ከግንቡ ውስጥ መቆፈር ማለት ነው።

ወጣቷ፦ ካታሎጉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ዴዊ የሚባለው የመጻሕፍት አመዳደብ ለክርስትና ከ200ዎቹ ቁጥሮች አብዛኛውን ሰጥቶ፣ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ታሪክ በአንድ 963 ያጭቀዋል። ግዕዝ፣ ትግረ፣ ትግርኛ፣ አማርኛ በሙሉ 492.8 ሥር ተፋፍገው ይቆማሉ። ስሙስ? ፓንክረስትን «ፓ» ላይ ይፈልጋሉ፤ የግዕዝ ሊቁን ጌታቸው ኃይሌን «ጌ» ላይ መሆን ሲገባው የውጭው ዳታቤዝ በአባቱ ስም «ኃ» ላይ ይጥለዋል። አንድ ደራሲ በሁለት ስም ሁለት ሰው ሆኖ ይኖራል። የዓመተ ምሕረቱ ነገር ሲጨመርበት፣ 1998 የታተመ መጽሐፍ 2005ም 2006ም ተብሎ ይመዘገባል።

አዛውንቱ፦ ፊደላችን ራሱ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት የትግርኛ መጽሐፍ ርእስ በላቲን ፊደል ነበር የምንጽፈው፤ ሦስት ሠራተኛ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ። ዛሬ ተማሪው ፈልጎ የሚያጣው መጽሐፍ ሁሉ የተሰረቀ አይደለም። የካታሎጊንግ ሠራተኛ ቅጠሩ፣ ጥሩ ደሞዝ ክፈሉ በይ። ማንም የማያየው ሥራ ስለሆነ ማንም አይከፍልበትም፤ ያለ እሱ ግን ቤቱ መጋዘን ነው።

ወጣቷ፦ ትግራይን ስናነሳ ገዳማቱን ካልጠቀስን ያስወቅሰናል። አባ ገሪማ ያሉት ወንጌላት በካርቦን ምርመራ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠሩ ናቸው ተብሏል። በሥዕል ካጌጡ የዓለም ጥንታዊ ወንጌላት ተርታ ማለት ነው። ጉንዳ ጉንዶም አለ፤ ለብቻው አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው።

አዛውንቱ፦ የእነሱ ዘዴ ቀላል ነበር። ዕቃ ቤት አለ፤ ቁልፉ በቄሰ ገበዙ እጅ ነው፤ መጽሐፉ ማኅደሩ ውስጥ ይገባል፣ ግድግዳው ላይ ይንጠለጠላል። መጨረሻው ገጽ ላይ የሰረቀና የፋቀ ውጉዝ ይሁን የሚል ተጽፏል። የእኛ በር ላይ ያለው የሚጮኸው መመርመሪያ ከዚያ ግዝት የበለጠ አይመስለኝም፤ መብራት ሲጠፋ አይጮኽማ። ከሁሉ በላይ ግን ይገለብጡ ነበር። አንዱ ደብር ከሌላው ደብር ተውሶ ይገለብጣል፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ቦታ ይገኛል።

ወጣቷ፦ ቅጂው ግን ዛሬ የት ነው? ከ2009 እስከ 2015፣ በፈረንጆቹ፣ ከሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የመጡ አጥኚዎች በዴኒስ ኖስኒትሲን መሪነት የምሥራቅ ትግራይን አብያተ ክርስቲያናት ዞረው ብራናዎቹን በፎቶ አነሡ። ጦርነቱ ሲመጣ ሰው ሁሉ እንኳን ተነሡ አለ። እኔም ብያለሁ። ግን ውቅሮ ያለ ዲያቆን የደብሩን መጽሐፍ ለማየት ሐምቡርግ ካለ ሰርቨር በኢንተርኔት መጠየቅ አለበት።

አዛውንቱ፦ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ነው። ከዚያ በፊት በፈረንጆቹ 1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ አንዱን ቅጂ ሚኒሶታ፣ አንዱን አዲስ አበባ አስቀምጧል። ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜ ልኩን ያንን ሲመዘግብ ኖረ። ውሉ ትክክል ነበር፤ የሚሄድ ቅጂ ካለ የሚቀር ቅጂ አለ። ከእኛ ጋር መሥራት የሚፈልግ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ በዚህ ይፈርም፤ የመጀመሪያው ቅጂ መቐለ ይቀመጥ። ሕጋችንም ቢሆን ከታተመ መጽሐፍ ሁሉ ሦስት ቅጂ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ለወመዘክር፣ ይግባ ይላል፤ ደግ ሕግ ነው። መቐለ የታተመ የትግርኛ መጽሐፍ እዚሁ እንዲቀር የሚያደርገው ግን በአብዛኛው የአንድ ተቆርቋሪ ሰው ልፋት ነው።

ወጣቷ፦ ለሁሉም ነገር ሁለት ቦታ እያሉ ነው። ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ሁለት ዋጋ ነው።

አዛውንቱ፦ ቤልጅየም ያለውን ሉቨን ታውቂያለሽ። የፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች በፈረንጆቹ ከ2003 እስከ 2013 ከመቐለ ጋር ሲሠሩ ከእኛ ብዙ ሰው እዚያ ሄዶ ተምሯል። የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በፈረንጆቹ 1914 ተቃጠለ፤ ከሦስት መቶ ሺህ ገደማ መጽሐፍ ጋር። ዓለም አዋጥቶ አሠራው። በ1940፣ ያው በፈረንጆቹ፣ እንደገና ተቃጠለ። እንደገና ተሠራ። ከዚያ ጦርነት የሌለበት ጊዜ መጣና ዩኒቨርሲቲው በቋንቋ ተከፈለ፤ መጻሕፍቱንም ተከፋፈሏቸው። አከፋፈሉን ታውቂያለሽ? ጎዶሎ ቁጥር ያለው መጽሐፍ ለአንዱ፣ ሙሉ ቁጥር ያለው ለሌላው። የአንድ መጽሔት ጥራዞች በሁለት ከተማ ተለያይተው ቀሩ። እሳት ያልሠራውን ኮሚቴ ሠራው።

ወጣቷ፦ እዚህስ ቢሆን መስከረም 3 ቀን 2015 የዓዲ ሓቂ ግቢ በድሮን ተመታ ተብሎ በዓለም ዜና ተሰምቷል። የሰላም ስምምነቱ ፕሪቶሪያ ላይ ሊፈረም የቀረው ሁለት ወር እንኳ አልነበረም።

አዛውንቱ፦ ስለዚህ ሁለት ዋጋ አትበይ። አንድ ቦታ ያስቀመጠ ሰው ነው ሁለት ዋጋ የሚከፍለው።

ወጣቷ፦ እንግዲህ ርእሱን ልቀይረው ነው። የወረቀት ግዢ ይቁም የሚለውን አወጣዋለሁ። በምትኩ በቋሚነት ልንይዘው የማንችለውን ነገር የምንገዛበት በጀት ከግማሽ አይብለጥ እላለሁ። ቀሪው ግማሽ ለወንበርና ለመብራት፣ በየግቢው ለሚቀመጥ ሰርቨር፣ ለካታሎግ ሠራተኛ ደሞዝ፣ ለመመረቂያ ጽሑፎች። ብዙ ተማሪ ለሚሻማበት የመማሪያ መጽሐፍም ወረቀቱ ይገዛ፤ አንድ ቅጂ አይደለም፣ በርከት ተደርጎ። የልገሳው ምዕራፍም ይገባል።

አዛውንቱ፦ ግማሽ የሚለውን ቁጥር ከየት አመጣሽው?

ወጣቷ፦ ከዚህ በረንዳ። ገምጋሚው ከተከራከረኝ አርባም እቀበላለሁ።

አዛውንቱ፦ እንደሱ በይ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ እሱን ግን ለገምጋሚው ሳይሆን ለሰው ሁሉ ንገሪልኝ። ጦርነቱ ሲጀመር ተማሪው በድንገት ነው የተበተነው። መጽሐፍ በእጁ እንዳለ የሄደ አይጠፋም፤ ጎንደር ይሁን፣ ሐዋሳ፣ አዲስ አበባ ወይም ካርቱም። ቅጣት ይጠየቃል ብሎ የፈራም ይኖራል። እኔ ሥልጣን የለኝም፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ያለ ቅጣት እንዲቀበል ጠይቂልኝ። የመመረቂያ ጽሑፉን ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጠ የቀድሞ ተመራቂም አንድ ቅጂ ይላክ፤ ላይብረሪው ያለው ጥራዝ ምናልባት ጠፍቶ፣ ያ ሰው የያዘው የቀረው ብቸኛው ሊሆን ይችላል።

ወጣቷ፦ እጽፈዋለሁ። ይህን የምታነቡ፣ መደርደሪያችሁን ዛሬ ማታ ፈትሹ፤ የኋላ ሽፋኑ ላይ የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ማኅተም ያለበት መጽሐፍ ካገኛችሁ መልሱ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁንም ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንደኛው ቦታ ላይብረሪው ይሁን።